አዲስ ፕሮግራም ተጀመረ፤ ልጆቹስ ምን እያሰቡ ነው?

ሦስተኛ ክፍል በማስተምርበት ዘመን ትምህርት ቤታችን አዲስ የንባብ ፕሮግራም ጀመረ። ጠዋት ጠዋት የመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ለንባብ ብቻ ተለዩ። መጻሕፍት ታደሉ፣ ግድግዳው ላይ ባለቀለም ወረቀት ተለጠፈ፣ ልጆቹም በአንድ ድምፅ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆመው ሲያዳምጡ ፊታቸው ይፈካ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን በወንበሮቹ መካከል እየተዘዋወርኩ ሳለ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የሚቀመጠውን አንድ ልጅ ልብ አልኩት። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁም ይሰማል። ነገር ግን ከሌሎቹ ግማሽ ቃል ወደኋላ ነው፤ የቃሉን መጀመሪያ ይውጥና መጨረሻውን ከሁሉም ጋር ያሳርፋል። ጠጋ ብዬ ጣቱን አየሁ። ክፍሉ በሙሉ አንድ ገጽ እያነበበ የእሱ ጣት ያረፈው ሌላ ገጽ ላይ ነበር።

ያንን ልጅ «አይሳተፍም» ብሎ የሚመዘግብ ሰው አይኖርም። ከትምህርት አልቀረም፣ አልረበሸም፣ ዝም አላለም። እንዲያውም ከብዙዎቹ የበለጠ ይደክም ነበር፤ ድካሙ ግን ማንበብ አለመቻሉ እንዳይታወቅበት ነው። አንድ ትምህርት ቤት አዲስ ፕሮግራም ጀምሮ «የተማሪዎች ተሳትፎ ጨመረ» ሲባል በሰማሁ ቁጥር ያ ጣት ትዝ ይለኛል። ተሳትፎ የምንለው ነገር ምንድን ነው? የትኛው ፕሮግራም ያመጣዋል? የትኛውስ ያመጣው ይመስላል እንጂ አያመጣውም?

ስለ ተሳትፎ የተጻፉ ጥናቶችን በ2004 እ.ኤ.አ. ሰብስበው የመረመሩት ጄኒፈር ፍሬድሪክስና ሁለት ባልደረቦቿ ነገሩን በሦስት ከፍለው አስቀምጠውታል። አንደኛው በተግባር የሚታየው ነው፤ ልጁ በሰዓቱ ይመጣል፣ እጁን ያወጣል፣ የቤት ሥራውን ይሠራል፣ የክፍሉን ሕግ ያከብራል። ሁለተኛው የስሜት ነው፤ ክፍሉን ይወደዋል ወይስ ይፈራዋል? ስሳሳት ይሳቅብኛል ብሎ ይሰጋል? መምህሯ እንደምታስብለት ያምናል? ሦስተኛው የአእምሮ ነው፤ ልጁ ከባድ ነገር ሲገጥመው ሊረዳው ይታገላል? ትናንት የተማረውን ከዛሬው ጋር ያያይዛል? ያልገባው ነገር እንዳለ ራሱ ያውቃል?

የኔ ተማሪ በመጀመሪያው ሙሉ ውጤት ያገኛል። በሁለተኛው ፍርሃት ነበረበት። በሦስተኛው ደግሞ ከንባቡ ውጭ ነበር፤ አእምሮው ይሠራ የነበረው ሌሎችን ለመምሰል ነው። አብዛኛው የትምህርት ቤት ሪፖርት የሚለካው ግን የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ከበር ላይ ቆሞ ሊታይ የሚችለው እሱ ብቻ ነው።

እንግሊዛዊው የትምህርት ተመራማሪ ሮበርት ኮ በ2013 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ንግግር ይህንኑ አጥብቆ አንስቶት ነበር። ልጆች ሥራ ላይ ተጠምደው መታየታቸው፣ ክፍሉ ጸጥ ማለቱ፣ ደብተሩ መሙላቱ፣ አንዳንዶቹ ትክክለኛ መልስ መስጠታቸው መማር እንዳለ የሚጠቁሙ ደካማ ምልክቶች ናቸው ይላል። ለመምህር ይህን መስማት ያማል፤ ቀኑን ሙሉ የምንደክመው እነዚህን ምልክቶች ለማየት ነውና። ነገር ግን እውነቱን በቅርብ ያየ ሰው ሊክደው አይችልም። የኒውዚላንዱ ግርሃም ነትሆል በአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ልብስ ላይ ትንንሽ ማይክሮፎን እያደረገ እያንዳንዱ ልጅ በክፍል ውስጥ የሚናገረውን፣ ለራሱ የሚያጉተመትመውን ሁሉ ቀድቶ ያዳምጥ ነበር። አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ትምህርት ተከታትለው የወጡ ልጆች የተማሩት ነገር በጣም የተለያየ ሆኖ አገኘው። አንድ ልጅ አዲስ ነገርን በትክክል እንዲይዝ ሙሉውን መረጃ ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ በተለያየ አጋጣሚ ሊያገኘው ያስፈልጋል። ደግሞም ልጆች ስለ ሥራቸው አስተያየት አብዝተው የሚሰሙት ከመምህሩ ሳይሆን አጠገባቸው ካለው ልጅ ነው፤ የዚያም ብዙው የተሳሳተ ነው።

እንግዲህ አዲስ ፕሮግራም ሲቀርብ እኔ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ይህ ነው፦ ይህ ነገር ሲጀመር ልጁ ቀድሞ ያላሰበው ምን ነገር ያስባል? ፕሮግራሙ ስም፣ ሰዓት፣ ቲሸርትና ባነር ሊኖረው ይችላል። ጥያቄው መልስ ካላገኘ ግን የተጨመረው ግርግር ነው።

ምንም ገንዘብ የማይጠይቀው ፕሮግራም

ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ከ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሳይንስ ክፍለ ጊዜዎችን በቴፕ እየቀዳች መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሚጠብቁ ለካች። አማካዩ አንድ ሴኮንድ አካባቢ ነበር። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ መልስ ካልመጣ መምህሩ ጥያቄውን ይደግማል፣ ሌላ ልጅ ይጠራል፣ ወይም ራሱ ይመልሳል። ጎበዝ ለሚባሉት ልጆች ደግሞ ከሌሎቹ ረዘም ያለ ጊዜ ይሰጥ ነበር፤ ጊዜው የሚያስፈልጋቸው ሌሎቹ ሆነው ሳለ። ይህ ጥበቃ ወደ ሦስት ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሲያድግ መልሶቹ ረዘሙ፣ «አላውቅም» የሚሉ ወይም ዝም የሚሉ ልጆች ቀነሱ፣ ከዚያ በፊት አፋቸውን ከፍተው የማያውቁ መናገር ጀመሩ፣ ልጆቹ ራሳቸው ጥያቄ መጠየቅ አበዙ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ በራሴ ክፍል ሞከርኩት። እርጥብ ጨርቅ ሰሌዳው ላይ አንጠልጥዬ በማግስቱ ደርቆ ሲገኝ «ውሃው የት ሄደ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሁልጊዜ እጅ የሚያወጡት አራት ልጆች ወዲያው እጃቸውን አወጡ። ማንንም ሳልጠራ በልቤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብዬ ቆጠርኩ። ሦስት ሴኮንድ ክፍል ፊት ለቆመ ሰው ምን ያህል እንደሚረዝም ያልሞከረው አያውቀውም፤ ይጨንቃል። አምስት ላይ ስደርስ በመስኮቱ በኩል የምትቀመጠው ዝምተኛ ልጅ እጇን እስከ ጆሮዋ ድረስ ብቻ ከፍ አደረገች። «ነፋስ ወሰደው» አለች። «ልክ ነሽ»ም «ተሳስተሻል»ም ሳልል እንደገና ጠበቅሁ። ከኋላ አንዱ «መስኮቱ ግን ሌሊቱን ሙሉ ዝግ ነበር» አለ። እሷ ዞር ብላ አየችው፤ ትንሽ አሰበችና «እንግዲያው ውሃው አሁንም እዚህ ክፍል ውስጥ አለ ማለት ነው» አለች። ስለ ትነት ላስተምር ካዘጋጀሁት ማስታወሻ ይልቅ የዚያች ልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር ክፍሉን ቀሰቀሰው። ቀሪው ጊዜ ውሃውን ፍለጋ ሆነ።

እዚህ ላይ ሁለቱም ጥበቃዎች እኩል ሥራ እንደሚሠሩ ልብ ይሏል፤ ከጥያቄው በኋላ ያለውና ከልጁ መልስ በኋላ ያለው። ብዙ መምህር የመጀመሪያውን ይለማመድና ሁለተኛውን ይረሳል። መልሱ እንደተሰማ «ጎበዝ!» ካልን የሌሎቹ ሐሳብ እዚያው ይቆማል፤ ጨዋታው አልቋልና።

ኮከቡ፣ ነጥቡ፣ ሽልማቱ

ከአዳዲስ ፕሮግራሞች ሁሉ በቶሎ የሚስፋፋው የሽልማት ነው። መጽሐፍ ያነበበ ኮከብ ይለጠፍለታል፤ አሥር ኮከብ ያለው ይሸለማል። በመጀመሪያው ወር ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ሁሉም ሰው ይደሰታል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው።

በ1973 እ.ኤ.አ. ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት ያሳተሙት ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሆናቸው፣ መሳል የሚወዱ ሕፃናት በሦስት ቡድን ተከፈሉ። ለመጀመሪያዎቹ «ከሳላችሁ የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» ተባለ። ሁለተኛዎቹ ሳይነገራቸው ስለው ሲጨርሱ ተሸለሙ። ሦስተኛዎቹ ምንም አልተሰጣቸውም። ከአንድና ሁለት ሳምንት በኋላ የሥዕል ዕቃው ያለ ሽልማት ሲቀመጥላቸው፣ ሽልማት ተስፋ ተሰጥቷቸው የሳሉት ልጆች በሥዕል ያሳለፉት ጊዜ የሌሎቹን ግማሽ ያህል ብቻ ሆነ። የሚወዱት ጨዋታ ወደ ተከፋይ ሥራ ተለወጠባቸው፤ ክፍያው ሲቀር ሥራውም ቀረ።

ይህ ማለት ልጅን ማመስገን ክልክል ነው ማለት አይደለም። ተመራማሪዎቹ ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን እንደሚያስረዱት የሰው ልጅ በራሱ ፍላጎት እንዲሠራ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፦ በተወሰነ ደረጃ የራሱን ምርጫ ማድረግ፣ «እችላለሁ» የሚል ስሜት፣ ከሌሎች ጋር መተሳሰር። ስለ ሥራው በዝርዝር የተነገረ ቃል፣ ለምሳሌ «ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ መልሰህ ስላነበብከው ነው ትርጉሙ የተገለጠልህ» የሚለው፣ ሁለተኛውን ይገነባል። ኮከቡ ግን ምን እንደሠራ አይነግረውም፤ ስንት እንደቀረው ብቻ ይነግረዋል። ደግሞ ሁልጊዜ ከኮከብ ሰንጠረዡ ግርጌ ስማቸው ብቻውን የሚቀር ልጆች አሉ። ሰንጠረዡ ግድግዳ ላይ ነው፤ በየቀኑ ያዩታል።

ልጁ ከነጭራሹ የማይወደው፣ ገና ያልሞከረው ነገር ሲሆን ትንሽ ማበረታቻ ለመጀመር ሊረዳ ይችላል። የሚወደውን ነገር በሽልማት መጠቅለል ግን ጉዳቱ ያመዝናል ባይ ነኝ።

ዕቃ ሲመጣ

ኮምፒውተርና ታብሌት ወደ ክፍል ሲገቡ የሚፈጠረውን ደስታ አልንቅም። ይሁን እንጂ ፔሩ ውስጥ ለገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላፕቶፕ ሲታደል ተመራማሪዎች ከ300 በላይ ትምህርት ቤቶችን በጥናት ተከታትለው ነበር። ከ15 ወራት ገደማ በኋላ ልጆቹ ኮምፒውተር መጠቀሙን ለመዱት፤ በሒሳብና በቋንቋ ውጤታቸው ግን ካልተሰጣቸው ልጆች የሚለይ ለውጥ አልታየም። ኬንያ ውስጥም የመማሪያ መጻሕፍት በነፃ ሲታደሉ የተጠቀሙት ቀድሞውኑ ጥሩ ውጤት የነበራቸው ብቻ ነበሩ። መጻሕፍቱ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ ለብዙዎቹ ልጆች ደግሞ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋቸው ነበር። መጽሐፉ እጃቸው ገባ፤ ሊያነቡት ግን አልቻሉም።

የኔ ተማሪ ችግርም ይኸው ነበር። የተሰጠው መጽሐፍ ለሦስተኛ ክፍል የተጻፈ ነው። እሱ ደግሞ ገና ፊደሎችን ወደ ቃል ማያያዝ ላይ ነበር።

ለዚህ ዓይነቱ ችግር እስካሁን ካየኋቸው መልሶች ሁሉ ልቤን የገዛው በ1995 እ.ኤ.አ. በሕንድ፣ ሙምባይ የተመሠረተው ፕራትሃም የተባለ ድርጅት የሠራበት መንገድ ነው። መምህሩ ወይም በጎ ፈቃደኛው እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ጠርቶ በጥቂት ደቂቃ ያስነብበዋል፤ ፊደል ይለያል? ቃል ያነባል? አንቀጽ ይዘልቃል? አጭር ታሪክ ይጨርሳል? ከዚያ በቀን ለተወሰነ ሰዓት ልጆቹ በክፍላቸው ወይም በዕድሜያቸው መሆኑ ይቀርና ባሉበት ደረጃ ይሰበሰባሉ። ፊደል የሚለዩት ቃል ወደ ማንበብ፣ ቃል የሚያነቡት አንቀጽ ወደ ማንበብ ለመሸጋገር ይሠራሉ። ደረጃው በየጊዜው ይፈተሻል፤ ልጁ ሲሻሻል ወዲያው ይዛወራል። በዚህ ሥራ ላይ ከተደረጉ ጥናቶች ጀርባ ያሉት አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ በ2019 እ.ኤ.አ. ከማይክል ክሬመር ጋር በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል።

ይህ መንገድ ስለ ተሳትፎ ብዙ አያወራም፤ ተሳትፎን ግን ከሥሩ ይነካዋል። የሚያነበው ነገር አቅሙን በጥቂቱ ብቻ የሚበልጥ ሲሆን ልጁ ማስመሰል አያስፈልገውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቡድኑ ቋሚ አይደለም። ደረጃው ተለጥፎበት የሚቀር ከሆነ ግን ልጁን ማዋረድ ነው። «ደካማዎቹ» የሚል ስም የወጣለት ቡድን ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የተቀመጠ ልጅ ስሙን ያምነዋል።

በቡድን መሥራት

አምስት ልጆች ጠረጴዛ ከበቡ ማለት አምስት ልጆች እያሰቡ ነው ማለት አይደለም። ብዙውን ጊዜ አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ያዛል፣ ሦስቱ ይጠብቃሉ። በ1971 እ.ኤ.አ. በኦስቲን፣ ቴክሳስ፣ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች ገና አብረው መማር ሲጀምሩ ክፍሎቹ ውጥረት ሞላባቸው፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤሊየት አሮንሰንና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ያን ጊዜ አንድ ዘዴ አበጁ። ትምህርቱ በክፍልፋይ ይቆረጣል፤ እያንዳንዱ የቡድን አባል አንድ ቁራጭ ብቻ ይሰጠዋል። ቁራጩን ከሌላ ቡድን ተመሳሳይ ቁራጭ ከያዙት ጋር ያጠናና ወደ ቡድኑ ተመልሶ ያስተምራል። ሌላ ማንም ያንን ቁራጭ ስለሌለው ቡድኑ እሱን ከመስማት ውጭ አማራጭ የለውም። ዝምተኛው ልጅ የሚያስፈልግ ሰው ይሆናል። «ተባበሩ» ብሎ ከመምከር ይልቅ ሥራው ራሱ ያለ ትብብር እንዳይጠናቀቅ አድርጎ ማዘጋጀት ማለት ይህ ነው።

ስለ ክበባትና ስለ ተማሪዎች ምክር ቤት አንድ ነገር ብቻ ልበል። በ1989 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለው፣ ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት ሊሰጠው እንደሚገባ ይደነግጋል። ምክር ቤቱ ለፎቶ ብቻ ከተቋቋመ ልጆች በሁለተኛው ስብሰባ ያውቁታል። ከትንሽ ነገር ይጀመር፤ የእረፍት ሜዳው አጠቃቀም፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሰዓት። ውሳኔያቸው በሳምንቱ ውስጥ ተፈጽሞ ይዩት።

ለምን ይከስማል?

አዲስ ነገር ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሠራል። አዲስነቱ ራሱ ልጅን ይቀሰቅሳል፤ ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት የተሰበሰበ አስደሳች ሪፖርት ስለ ፕሮግራሙ ሳይሆን ስለ አዲስነቱ ይናገር ይሆናል። እውነተኛው መለኪያ የሚጀምረው ባለቀለሙ ወረቀት ሲደበዝዝ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የመምህሩ ትከሻ ነው። እኔ በነበርኩበት ትምህርት ቤት በአንድ ዓመት አራት ፕሮግራም ተጨመረ፤ አንድም ነገር አልተቀነሰም። እያንዳንዱ የራሱ ቅጽ፣ የራሱ ስብሰባ፣ የራሱ ሪፖርት ነበረው። ቅጽ የምንሞላው ከልጆቹ ደብተር በሰረቅነው ሰዓት ነው። ጥሩ ሐሳቦች ነበሩ፤ ሁሉም በአንድነት ሲመጡ ግን እርስ በርስ ተበላሉ። አንድ ነገር የሚጨምር ርዕሰ መምህር በዚያው ስብሰባ ምን እንደሚቀንስ ስሙን ጠርቶ መናገር አለበት። ሥልጠናም የአንድ ቀን አዳራሽ ብቻ ሲሆን በሳምንቱ ይረሳል፤ ባልደረባ ክፍል ውስጥ ገብቶ አይቶ፣ በማግስቱ ቁጭ ብሎ የሚወያይበት ሲሆን ነው የሚሰነብተው።

መምህር የሆነ ሰው ዛሬውኑ ሊሞክረው የሚችል አንድ ነገር አለ። ባዶ ወረቀት ላይ፣ የስም መዝገቡን ሳያይ፣ የተማሪዎቹን ስም በትዝታው ይጻፍ። መጀመሪያ የሚመጡት ጎበዞቹና ረባሾቹ ናቸው። ከመጨረሻ የሚመጡትን፣ ጭራሽ የተረሱትንም ይክበባቸው። በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ከእያንዳንዳቸው ጋር በቀን ሁለት ደቂቃ፣ ስለ ትምህርት ባይሆንም፣ ያውራ። እኔ ስጽፈው ያ የሦስተኛ ረድፍ ልጅ አልነበረበትም።

ወላጆችም ልጃቸውን «ትምህርት እንዴት ነበር?» ብለው ቢጠይቁ የሚያገኙት «ጥሩ» ነው። «ዛሬ ምን ከበደህ? ሲከብድህ ምን አደረግህ?» የሚለው ግን ሌላ ወሬ ይከፍታል። ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱም ስለ አዲሱ ፕሮግራም ስንት ልጅ ተመዘገበ ከማለት ይልቅ ገና ያልደረሳቸው እነማን እንደሆኑ፣ ይህስ በምን እንደታወቀ ይጠይቁ።

ያ ልጅ ከዚያች ጠዋት በኋላ ከእኔ ጋር በእረፍት ሰዓት አሥር አሥር ደቂቃ ይቀመጥ ጀመር። ከሦስተኛ ክፍሉ መጽሐፍ ይልቅ እሱ የነገረኝን ታሪክ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር እየጻፍኩ ያንኑ ያነብልኝ ነበር። አራት ወር ገደማ ወሰደ። አንድ ቀን ጠዋት በንባብ ሰዓት አጠገቡ ሳልፍ ቃሉን ከሌሎቹ እኩል ሲጀምር ሰማሁት፤ ጣቱም ገጹ ላይ ነበር።